የረውዳ እንቅልፍ

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈቲሀ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ሰላምታዬ ለአንቺም፣ ለአማቼ ለኡበይድም፣ ከሁላችሁም በላይ ለልጅ ልጄ ለረውዳዬ ይድረስ።

ይህን ወረቀት ስታዪ «እማዬ ምን ነካት፣ ስልኳ ጠፋ እንዴ?» ማለትሽ አይቀርም። ስልኩ አለ፤ ካርድም አለው። ነገር ግን ባለፈው ጁምዓ ከተጯጯኽን በኋላ «ወላሂ የዚህችን ልጅ እንቅልፍ ነገር ከአንቺ ጋር በስልክ ዳግመኛ አላነሳም» ብዬ ምያለሁ። መሐላዬን አላፈርስም። ወረቀት ግን ስልክ አይደለም። ስለ ወረቀት የማልኩት ነገር የለም። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትም ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። «ለምን አልመጣሽም?» ብለሻል። የበርበሬው ዛላ የሚሰበሰበው አሁን ነው፤ ግማሹ ገና ሸራ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ሰማዩ ደግሞ ሰሞኑን አይታመንም። ጥዬው ብመጣ ማን ያነሳልኛል? ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ። አልጋሽ ግን እንደተነጠፈ ነው። የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀብቼ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝቼ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቅዬ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው ብዬ። አንቺ «የሐኪም ክትትል አለብን» ብለሽ ወልቂጤ ቀረሽ። ይሁን። አልጋው ቀለብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኡበይድ በየዋህነቱ ሲነግረኝ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። የተኛች ልጅ፣ ያውም ገና ያልጠናች፣ ልብሷን ገልጠሽ፣ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበስሽ ትቀሰቅሻታለሽ? ምን አደረገችሽ? ልጅ የሚያድገው በእንቅልፉ ነው። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም። ይህን እኔ አላወጣሁትም፤ እናቴም፣ የእናቴም እናት ይሉት ነበር። ሲርባት ታለቅሳለች። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይጠባም ሲባል አልሰማሽም?

አንቺን አርባ ቀንሽ እንደሞላ በርበሬ ተራ ይዤሽ ወጥቻለሁ። ሁለት ጆንያ መሀል ጋቢ አንጥፌ አስተኛሽ ነበር። ሰው ይጮኻል፣ አህያ ያናፋል፣ ያ ሁሉ በርበሬ ያስነጥሳል፤ አንቺ ግን ንቅንቅ አትዪም። ነጋዴው ሁሉ «የሃሊማ ልጅ ጨዋ ናት» ይለኝ ነበር። ዛሬም ይህን ሳወራ ደረቴ ይነፋል። አንድም ቀን ቀስቅሼሽ አላውቅም። ታዲያ ምን ጎደለሽ? ይኸው የሒሳብ መምህርት ሆነሽ ከእናትሽ ጋር ትከራከሪያለሽ።

ደግሞ እየወሰድሽ ሚዛን ላይ ታስቀምጫታለሽ አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬ ስመዝን የኖርኩ ሴት ነኝ። የሚመዘነው ለገበያ የሚወጣ ነገር ነው። ልጅ አይመዘንም። ዓይን አለ፣ አፍ አለ፤ ማሻአላህ ሳይል ቁጥር የሚጠራ ሰው ሞልቷል።

የጎረቤታችን ልጅ ሙሀመድአወል አሁን በወልቂጤ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ቡላ፣ የተነጠረ ቅቤና ማር በእሱ ልኬልሻለሁ፤ መልስሽንም ለእሱ ስጪው። ገንፎውን አንቺ ብዪው፤ ለኡበይድ አታካፍዪው። እሱ አልወለደም።

እናትሽ ሃሊማ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ቡላው፣ ቅቤውና ማሩ ደርሰውናል። ኡበይድ በሩ ላይ ቆሞ ሽታውን ሲምግ አንጀቴን በላውና አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። ከዚያ ሌላ አንድ። ይቅር በዪኝ።

በስልክ ስለጮኽኩብሽም ይቅርታ። አራስ ስለሆንኩ ነው እንዳልልሽ፣ አራስ ሳልሆንም እጮኻለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል።

ሙሀመድአወል ዕቃውን ካስረከበኝ በኋላ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ኪሎ ሆነች?» አለኝ። «ማን?» ስለው፣ «ልጅቷ ናታ። እናትሽ ጠይቀህ ና ብለውኛል፤ እኔ እንደላክሁህ ግን እንዳታውቅ ብለዋል» አለኝ። እማዬ፣ ልጅ የማይመዘን ከሆነ ክብደቷ ምን ያደርግልሻል? «ማሻአላህ፣ ደህና ናት በላት» ብዬ ሰድጄዋለሁ። ቁጥሩን አልነግርሽም።

ነገሩን ግን ላስረዳሽ። ረውዳ የምትተኛው ጨዋ ሆና አይደለም። ትንሽ ሆና ነው። ከቀኗ ቀድማ መወለዷን ታውቂያለሽ፤ ከዚያም በኋላ የነበራትም ክብደት ቀነሰ። ክትትል የምታደርግልን ነርስ ሲስተር ማዕዶት ትባላለች። አስቀምጣ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ «ጠንከር ብሎ የተወለደ ልጅ ሲርበው የሚያለቅስበት አቅም አለው። ይህቺ ግን ለማልቀስም አቅም ያንሳታል። ሲርባት ትደክማለች፣ ስትደክም ትተኛለች፣ ስትተኛ ደግሞ የባሰ ይርባታል። እስክትጠና ድረስ የእሷን ልቅሶ አትጠብቂ፤ ሰዓቱን ጠብቂ።» ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ እቀሰቅሳታለሁ። ቀንም፣ ሌሊትም። ብርድ ልብሷን እገልጣለሁ፣ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ፣ ስሟን እየጠራሁ ጉንጯን እነካለሁ። አንዳንዴ እሷ ሳትነቃ እኔ አለቅሳለሁ። ያ ጨርቅ እግሯን ሲነካት ፊቷን ጭምድድ ታደርጋለች። ግን አልተውም።

ይህን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ ብልሽ ትስቂያለሽ። በረመዷን ጎህ ሳይቀድ ለሱሁር ምግብ ስትቀሰቅሺን ትዝ ይልሻል? «ተነሱ፣ ቀኑ ረጅም ነው» ትዪ ነበር። እኛ «አልራበንም፣ ተዪን» እያልን ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባለን፤ አንቺ ደግሞ እግራችንን ይዘሽ ትጎትቺናለሽ። በዚያ ሰዓት ከመሀላችን የራበው አልነበረም። አንቺ ግን ከፊታችን ያለውን ቀን ታዪው ነበር። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ለረውዳ ረጅሙ ሌሊቱ ነው።

አልጋዬን ለሰው እንዳትሰጪብኝ።

ልጅሽ ፈቲሀ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፈቲሀ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በመነጽር፣ አንዴ በንዴት።

ክብደቷን አልጠየቅኩም። ሙሀመድአወል ወሬ ይወዳል።

ሱሁርን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሱሁር የጾመኛ ነው። ረውዳ ምን ጾም አለባት? ጡትሽ አጠገቧ ነው፤ ስትፈልግ ትጠባለች። አንቺ ድሮም ስትከራከሪ ከየትም ጎትተሽ የምታመጪው ነገር አታጪም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን መልሺልኝ። «አንቺ እናት አልነበርሽም» እያልሽኝ ነው? አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያኔ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነበር የሚኖረው። ቤቱም ገበያውም በእኔ ጫንቃ ላይ ነበር። አንቺ ጆንያ መሀል ስትተኚልኝ «አላህ አዘነልኝ» እል ነበር እንጂ «ርቧት ይሆን?» ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ያቺ ነርስ ስትናገር፣ አንቺም ቃሏን ገልብጠሽ ስትጽፊልኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደረቴን የነፋሁበት ነገር ከንቱ ነበር ወይ እላለሁ። ሰው እንቅልፍሽን ሲያመሰግን የኖርኩበት ኩራት ነው፤ ሌላ ብዙ ኩራት አልነበረኝም። ይህ ነገር ከዛላው ይልቅ አቃጥሎኛል።

በርበሬ ተራ «የሃሊማ የልጅ ልጅም እንደ እናቷ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም» ብዬ አውርቻለሁ። አሁን ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

እናትሽ ነኝና አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ተያት። አንቺም አርፈሽ ተኚ፤ በስልክ ስሰማው ድምፅሽ የበሽተኛ ድምፅ ነው። ለእኔ ብለሽ። ከዚያ በኋላ እንደወደድሽ አድርጊ።

እናትሽ ሃሊማ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ብርድ አለ። ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት ሰላም በዪልኝ ብለዋል። ኡበይድም ሰላም ብሎሻል።

የለመንሽኝን አንድ ሌሊት አደረግሁልሽ። የእናት ቃል ነው ብዬ።

አሁን ደህና ናት። ስለ ክብደቷ አትጠይቂኝ፤ በሙሀመድአወልም አትላኪ። እናት አልነበርሽም አላልኩሽም፤ አስቤውም አላውቅም። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ሰዓቷ ደርሷል፣ ልቀስቅሳት።

ለጊዜው አትደውዪልኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ አለቅሳለሁ።

ፈቲሀ


ቡታጅራ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈቲሀ፣ ለረውዳ እናት፤

በሰላም ገብቻለሁ። ዛላውንም ሳይበላሽ አገኘሁት። ሳልነግርሽ መምጣቴን፣ ሳልሰናበትሽም መውጣቴን ይቅር በዪኝ።

ያስመጣኝ የደብዳቤሽ ማጠር ነው። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትጣዪም ስትታረቂም ወሬሽ ረጅም ነው። ስለ ብርድና ስለ ጎረቤት ጽፈሽ ስታበቂ አንድ ነገር ሆኗል አልኩ። በርበሬውን ሸራ ላይ እንዳለ ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ገበያ የምወጣበትን ቀሚስ እንኳን ሳልቀይር፣ ከሙሀመድአወል ጎን ቁጭ አልኩ።  እሱም ፈርቶኝ መሰለኝ ሬዲዮኑን አጠፋው።

ስገባ እጄን ታጥቤ ልጅቷን ተቀበልኩሽ። ያን ጊዜ እጄ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጆንያ ሳነሳ ሚዛኑ ከመናገሩ በፊት እጄ ይናገራል። ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የረጩበትን በርበሬ ብድግ አድርጌ «ይህ ውሃ ነው፣ ውሰደው» ብዬ ስንቱን መልሻለሁ። እጄ ዋሽቶኝ አያውቅም። ረውዳን ሳነሳት የታቀፍኩት ፎጣውን ብቻ መሰለኝ። ልጄ፣ ደነገጥኩ። እኔው ልቀሰቅሳት ብዬ እርጥቡን ጨርቅ ከእጅሽ የቀማሁሽ ያኔ ነው።

የሆነውን አንቺ አልነገርሽኝም። በማግስቱ ለክትትል አብሬሽ ስሄድ ሲስተር ማዕዶት ናት የነገረችኝ። ለእኔ ብለሽ ያስተኛሻት ሌሊት ሲነጋ ጡት አልይዝ ማለቷን፣ ሰውነቷ ዝሎ እንደ ጨርቅ መተኛቷን፣ አንቺና ኡበይድ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት መሮጣችሁን፣ ወተትሽን እያለብሽ በትንሽ ኩባያ ጠብ ጠብ እያደረጉላት ነፍስ እንደዘራች። ይህን ሁሉ ውጠሽ «አሁን ደህና ናት» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «ያንቺ ምክር ነው» ብትዪኝ ይገባኝ ነበር። አላልሽኝም። አብሬሽ ባደርኩባቸው ሌሊቶችም አንድ ቀን አላልሽኝም።

ተሳስቻለሁ አልልም፤ ያንን ቃል አንደበቴ አልለመደውም። ልክ ነበርሽ ግን እላለሁ። ይኸው በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ከፈለግሽ በመስታወት አድርገሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

ያልመጣሁትም በዛላው አልነበረም። ያ አልጋ ባዶውን ስለቀረብኝ ነው። «እናቷን አልፈለገችም» ብዬ ተቀይሜ ነው። አሁን ሳስበው ግን፣ በእናቷ ፊት ቆማ ለልጇ ስትል «አይሆንም» የምትል ሴት ማን አሳደገ? እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት አሸነፍኩሽ እንጂ ያንን ጨርቅ ከእጅሽ ሊያስጥልሽ የቻለ የለም። በዚህ ኮርቻለሁ። ከጆንያ መሀሉ እንቅልፍሽ ይልቅ በዚህ ኮርቻለሁ።

የወጣሁ ለት ጠዋት፣ ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ እኔ ቀስቅሼያት አንቺ አጥብተሻት ነበር። ከዚያ ሁለታችሁም ተቃቅፋችሁ ተኛችሁ። ልሰናበትሽ መጥቼ አየኋችሁና መቀስቀስ አቃተኝ። ሳልሰናበት የወጣሁት ለዚህ ነው።

ከእንግዲህ ግን ትእዛዝ ነው። በየሦስት ሰዓቱ፤ አንዷንም እንዳትዘዪ። ደክሞሽ ብትተኚ ኡበይድ ይቀስቅስሽ። እሱም ከተኛ እኔ እደውልለታለሁ። የማልኩት ከአንቺ ጋር በስልክ አላነሳም ብዬ ነው፤ የኡበይድን ስም አልጠራሁም።

እናትሽ ሃሊማ


ወልቂጤ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፤

ስነቃ ነጠላሽን እግራችን ላይ ጣል አድርገሽ ሄደሻል። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቀጥሎ ነጠላውን ሳሸተው በርበሬ በርበሬ ይላል፤ አስነጠስኩ፣ አለቀስኩም። ረውዳም አስነጠሰች። እትዬ የሺመቤት «ይማርሽ» ሊሉ መጥተው ሁለታችንንም ሲያዩን ሳቁብን።

ለምን አልነገርሽኝም ብለሽ ተቆጥተሻል። እማዬ፣ ብነግርሽ ዕድሜሽን ሙሉ ስትሸከሚው ትኖሪያለሽ። አውቅሻለሁ፤ ጠንካራው አፍሽ ነው እንጂ ሆድሽ አይደለም። የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ያንቺን ቃል ከወደድኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ድካሜ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ለሁለት አንካፈለው፤ እንተወው። ልጅቷ አለች፣ አላህ ይመስገን።

ወረቀቱን ግን በመስታወት አላደርገውም። አጣጥፌ ቁርአኑ ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። «ልክ ነበርሽ» የሚለውን ቃል ከአንቺ ከሰማው ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ኡበይድ ሲያነበው «ይህ የእናትሽ ጽሑፍ ነው?» ብሎ ፊደሉን አገላብጦ አየው።

አንቺ አጠገቤ በነበርሽባቸው ሌሊቶች የተማርኩትን ቀጥያለሁ። እኔ እግሯን ብቻ ነበር የማብሰው፤ አንቺ ጀርባዋን ከታች ወደ ላይ ስታሻት ቶሎ ትነቃለች። ለሲስተር ማዕዶት ነገርኳት፤ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪበት» አለች።

ልጅሽ ፈቲሀ


ቡታጅራ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፈቲሀ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሲስተር ማዕዶት ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው። የጀርባውን ነገር ከማን እንደተማርሽ ነግረሻት ከሆነ ጻፊልኝ።

በርበሬው በደህና ዋጋ ወጣ፣ አልሀምዱሊላህ። አሁን ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ አራስ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። የማስተምረውም ነገር አለኝ። ትናንት በርበሬ ተራ የሚነግደውን የተካን ሚስት ሀሴትን ልጠይቅ ሄድኩ። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ተጋድሞ ያንኮራፋል። «ሰዓቱን ጠብቂ እንጂ ልቅሶውን አትጠብቂ፤ ቀስቅሺው» አልኳት። «እትዬ ሃሊማ፣ ይህንን ወይፈን? ነቅቶ እስኪበቃኝ ጠብቶኛል፤ እባክዎ ይተዉልኝ» አለችኝ። እኔ እርጥብ ጨርቅ ፍለጋ ስነሳ እናቷ በር ላይ ቆሙብኝ። ከገንፎው ሳልቀምስ ወጣሁ።

ምኑን ነው ያጠፋሁት? ካንቺ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። መልሱን በሙሀመድአወል ቶሎ ላኪልኝ፤ ሰኞ ወደዚያ ሰፈር ሌላ አራስ አለችብኝ።

የረውዳን ነገር አልጠይቅም። ኡበይድ በየሌሊቱ ይነግረኛል።

እናትሽ ሃሊማ


ወልቂጤ፣ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለሃሊማ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ የሌሊት ዘብ አዛዥ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በዪኝ። የዘገየሁት ለመልካም ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

በመጀመሪያ ኡበይድን ልቀቂልኝ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ዓይኑን ሳይገልጥ «ጠብታለች፣ ደህና ናት» ማለት ለምዷል። ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ሸለብ አድርጎት ሳለ ስልኩ ጠራ፤ «ጠብታለች፣ ደህና ናት» ብሎ ዘጋው። የደወለው አለቃው ነበር።

ረውዳ ማሻአላህ አደገች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጉንጯ ሞላ፣ ጭኗ ላይ እጥፋት አወጣች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማልቀስ ጀመረች። ሳልቀሰቅሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ነቅታ የጮኸች ለት ኡበይድ ደንግጦ ከአልጋ ወደቀ። እኔ እየሳቅኩ አነሳኋት። ልጄ ራበኝ አለችኝ እኮ፣ እማዬ! ሌላው ሰው የሚማረርበት ጩኸት ለእኔ ሠርግ ሆነልኝ። ጠዋት እትዬ የሺመቤት መጥተው «ምነው ሌሊት የልጅ ጩኸት ሰማሁ፤ እንግዳ አድሮባችሁ ነው?» አሉኝ። «ረውዳ ናት» ስላቸው እልል አሉ፤ የግቢው ሰው ምን ተገኘ ብሎ ወጣ።

የሀሴትን ልጅ ተዪው። ጥፋትሽ ይህ ብቻ ነው፤ ወይፈን አይቀሰቀስም። ጠንቶ የተወለደና በደንብ የሚጠባ ልጅ ሲርበው ራሱ ይናገራል። ይህንን ስጽፍልሽ ደግሞ ያቺ ጥያቄሽ ትዝ አለችኝ፤ «እናት አልነበርሽም እያልሽኝ ነው?» ያልሽው። እስከ ዛሬ በደንብ አልመለስኩልሽም። አንቺው አይደለሽም እንዴ የነገርሽኝ? እኔ ስወለድ አዋላጇ «ይህችስ አድጋ ነው የመጣችው» ብላለች። እኔ ጆንያ መሀል የተኛሁት ጠግቤ ነው። ሲርበኝ ደግሞ በርበሬ ተራውን በጩኸት አናውጥ እንደነበር፣ አንቺም ሚዛኑን ለሰው ሰጥተሽ ከጆንያው ጀርባ ታጠቢኝ እንደነበር ነጋዴዎቹ ነግረውኛል። ያንን ክፍል ሁልጊዜ ትዘዪዋለሽ። የተኛሁትን ብቻ ነው የምታወሪው። እኔ ግን የምኮራበት ያንን የምትዘዪውን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ትናንት ክትትል ሄድን። ሲስተር ማዕዶት ሚዛኑን አይታ ፈገግ አለች። «በቃ፣ ከእንግዲህ ሌሊት አትቀስቅሻት። ሲርባት ትነግርሻለች» አለችኝ። «እናቴ የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም ትላለች» አልኳት። ምን ብትል ጥሩ ነው? «እውነታቸውን ነው። ይህቺም አሁን እሳቸው የሚሏት ዓይነት ልጅ ሆናለች» አለች። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። አባባልሽን ተውሼብሽ ነበር፤ ይኸው በክብር መለስኩልሽ።

ክብደቷን አሁንም አልጽፍልሽም። በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ረመዷን ሳይገባ እንመጣለን፤ የወሊድ ፈቃዴ እስኪያልቅ አንቺ ዘንድ ነኝ። አራስነቱ አለፈ ካላልሽ በስተቀር፣ ያ አልጋ እንደተነጠፈ ካለ፣ ታርሺኛለሽ።

ልጅሽ ፈቲሀ


ቡታጅራ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈቲሀ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዛሬ ሰላምታዬ ሙሉ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በርበሬ ተራ ነው። ሙሀመድአወል «መልካም ወሬ ነው መሰለኝ፣ ስትሰጠኝ ትስቅ ነበር» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲስተር ማዕዶት የተናገረችው ላይ ስደርስ ደገምኩት። «እውነታቸውን ነው» የምትለዋን ደግሞ፣ ከወዲያ ጥግ ያሉት አልሰማንም ስላሉ፣ አንዴ ጨመርኩላቸው። ቀጥዬም ያንን ሌሊት ነገርኳቸው። አልደበቅኩም። «ልጄ እኔን እሺ ያለች ለት ልጇን ልታጣ ነበር፤ እምቢ ስትለኝ ነው ያተረፈቻት። ይህችን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዱም አልሳቀብኝም። ሀሴትም ልጇን አዝላ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ታርቀናል። ወይፈኑን ተኝቶ ነው ያየሁት፤ አልነካሁትም።

ከጆንያ ጀርባ አጠባሽ የነበረውን ነገር ማን እንደነገረሽ አውቄያለሁ። እሱን እኔ ቁም ነገር ብዬ ይዤው አላውቅም፤ እናት የምታደርገው ነው ብዬ ነው። አንቺ ከኮራሽበት ግን ከእንግዲህ እኔም እኮራበታለሁ።

አልጋው እንደተነጠፈ ነው። አንሶላውን ብቻ ቀየርኩት። አርባውም ሰማንያውም ቢያልፍ እኔ እስካላረስኩሽ ድረስ አራስ ነሽ። ቡላው ተዘጋጅቷል፣ ቅቤውም ተነጥሯል፤ ኡበይድም ይምጣ፣ ለእሱም አገነፋለሁ። ብዙ እንቅልፍ አጥቷል። ጾሙ ሲገባ አንቺ የምታጠቢ ነሽና አትጾሚም፤ ለሱሁር ግን እቀሰቅስሻለሁ፣ ከእኛ ጋር ትበያለሽ። «አልራበኝም» ብትዪ እግርሽን ይዤ ነው የምጎትትሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እንዳትስቂ። አንዱን የበርበሬ ሚዛን ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ። በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ እንደገና በሳሙና አጠብኩት። ጉንጬን አስጠግቼ ሞከርኩት፣ አያቃጥልም። ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌበታለሁ። ቁጥሩን ለማንም አልናገርም፤ ማሻአላህ ብዬ ለራሴ ነው። መጀመሪያ ግን በእጄ አነሳታለሁ፤ ከዚያ ሚዛኑ ይናገር። ከእጄ ከተለየ ሚዛኑን ለጠጋኝ እሰጠዋለሁ።

ሙሀመድአወልን ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስጠንቅቄዋለሁ። በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ተኝታ ከደረሰች ግን እኔም ሚዛኑም እንቆያለን። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።

እናትሽ ሃሊማ